መጽሐፍ ሳይታተም ስለ ማረም

አንድ ወጣት የአብነት መምህር ባለፈው የክረምት መግቢያ 214 ገጽ የሆነ ጽሕፈት አስጠርዞ አመጣልኝና «የኔታ፥ ይህችን አይተው አርመው ይስጡኝ፤ ከዚያም በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚወጣ አጭር መቅድም ይጻፉልኝ፤ ማተሚያ ቤቱ ለሚመጣው ወር ቀጠሮ ይዞልኛል» አለኝ። ጽሕፈቱ ስለ ተወለደባት ደብር ታሪክ የሚናገር ነው። እኔም ተቀብዬ በራስጌዬ አኖርሁት፤ ነገር ግን ገና አንዲት ገጽ ሳልገልጥ የልጁ ንግግር ራሱ ሲያሳስበኝ ሰነበተ። በአንድ ትንፋሽ እርማትም መቅድምም ለምኖኛልና። መቅድም የሚጻፍለት ያለቀ መጽሐፍ ነው፤ እርማት የሚሻው ግን ገና ያላለቀ ነው። ቀን በተቈረጠለት መጽሐፍ ላይ ስሕተት ባገኝ ምን ላደርግለት ነው? ልጁ የፈለገው ዓይኔን ሳይሆን ስሜን እንደ ሆነ ገባኝ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ የአንድ ልጅ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ጸሐፊው ጽሕፈቱን ይዞ ወደ ወዳጁ ይሄድና «ሳትራራ ንገረኝ» ይለዋል። ወዳጁም ጥቂት ገጽ አገላብጦ «ግሩም ነው፤ እግዚአብሔር ያበርታህ» ይለዋል። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ግን ያው ወዳጅ በሰው መካከል ተቀምጦ «ይህን ለሰው ሳያሳይ ማሳተሙ ምን ነክቶት ነው?» ሲል ይሰማል። እንዲህ በፊት ምርቃት፥ በኋላ ነቀፌታ እየሆነ መጽሐፉም ጸሐፊውም ሳይጠቀሙ ይቀራሉ። በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ ዘወትር የሚመረመረው የታተመ መጽሐፍ ነው። የታተመውን መንቀፍ ግን የፈሰሰ ውሃ እንደ ማፈስ ነው፤ ለአንባቢ ማስጠንቀቂያ ይሆን እንደ ሆነ እንጂ ለመጽሐፉ መድኀኒት አይሆነውም። ስለዚህ ዛሬ ስላልታተመው መናገር ወደድሁ።

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን በደል ላስቀድም። ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት አብሮኝ የተማረ፥ እንደ ወንድም የምንተያይ አንድ ካህን፥ ስለ አጽዋማትና ስለ በዓላት አቈጣጠር የጻፈውን መጽሐፍ «ሳይታተም አንብብልኝ» ብሎ ሰጠኝ። እኔም የመጀመሪያውን 40 ገጽ አነበብሁ፤ መካከሉን ዘለልሁ፤ መጨረሻውን ገለጥ ገለጥ አደረግሁ፤ የባሕረ ሐሳቡን ሒሳብ ግን ጨርሶ አልቈጠርሁትም። ከዚያም «መልካም ሥራ ነው፤ አሳትመው» ብዬ መለስሁለት። እርሱም ከዘመድ ገንዘብ ተበድሮ 1,000 ቅጂ አሳተመ። መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ተማሪ ስሕተቱን በአደባባይ አሳየ። በአንደኛው ዓመት ላይ የዕለቱን ተውሳክ አሳስቶ ደምሮት ኖሮ የነነዌ ጾም ማክሰኞ ገብቶ ተገኘ። የነነዌ ጾም ከሰኞ እንደማይወጣ ትንሹ ዲያቆን ስንኳ ያውቀዋል። ከዚህ በኋላ መጽሐፉን የሚገዛ ጠፋ፤ ቅጂው በቤቱ ጓዳ ተከምሮ ቀረ። ወዳጄ በሰው ፊት አልወቀሰኝም። አንድ ቀን ብቻ ከቅዳሴ ስንወጣ «አንተ አይተኸው አልነበረምን?» አለኝ። የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። ብድሩን እርሱ ከፈለ፤ ዕዳው ግን የእኔም ነበር።

እንግዲህ ለዚህ በሽታ መድኀኒቱን ከሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልገንም፤ በቅኔ ቤት ነበረልን። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ደርቦ ከዛፍ ሥር ወይም ከድንጋይ ላይ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ የቈጠረውንም ሄዶ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። ጀማሪው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይነሣል፤ በዘአምላኪየና በሚበዝኁ እያለ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ ይሄዳል። መምህሩም ቤቱ መምታቱን፥ ግሱ መርባቱን፥ አገባቡ መስማማቱን፥ ሰሙም ወርቁን መቻሉን ይመረምራል፤ የጐደለውንም እዚያው በቃል ይነግረዋል።

በዚህ ሥርዐት ውስጥ ሦስት ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። አንደኛ፥ ቅኔው የሚታረመው በማኅሌት መካከል ከመቅረቡ በፊት ነው። ሕዝብ ከሰማው በኋላ ቢታረም ለተማሪው ኀፍረት፥ ለሰሚውም ቅሬታ ይሆናል። ሁለተኛ፥ አራሚው ራሱ ባለ ሥራ ነው። የተማሪዎቹን ቅኔ ከሰማ በኋላ መምህሩ በተራው በፊታቸው ቅኔ ይዘርፋል፤ ጆሮ የከፈቱ ደቀ መዛሙርትም እርሱን ይሰሙታል፥ ይመዝኑታል። ስለዚህ በሌላው ሥራ ላይ የሚፈርደው የራሱን ሥራ ሸሽጎ አይደለም። ሦስተኛ፥ መታረም የዕለት እንጀራ ስለ ሆነ ነውር አይደለም። ዛሬ ጉባኤ ቃናው የተመለሰችበት ተማሪ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። በዘመናችን ጸሐፊ ግን እርማት በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የሚደርስበት ነገር ስለ ሆነ እንደ ክስ ይቈጥረዋል።

ከዚህ የእኔን ድርሻ ልንገራችሁ። በመስቀል በዓል ሰሞን አንዲት ጉባኤ ቃና ቈጥሬ ነበር። ሰሙ በአውድማ ላይ ምርቱን ከገለባው የሚለይ ገበሬ ነው፤ ወርቁ ንግሥት እሌኒ የጌታችንን መስቀል ከሁለቱ ወንበዶች መስቀል መለየቷ ነው። ቤቱ መትቷል፤ ግሱም አልተሳሳተም፤ እኔም በልቤ «ዛሬስ መምህሬ ያደንቁኛል» ብዬ ነበር። መምህሬ ግን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉና «ልጄ፥ በመስከረም የሚወቃ ገበሬ የት አየህ?» አሉኝ። እውነትም በዓሉ መስከረም 17 ቀን ነው፤ ጤፉ ገና ለምለም ነው፥ አውድማውም ሣር ለብሷል። «ሰሙ እውነት ካልሆነ ወርቁ በምን ላይ ይቀመጣል? ሂድ፤ ወደ እርሻው ውረድና ገበሬ በዚህ ወር ምኑን ከምን እንደሚለይ እይ» ብለው ሰደዱኝ። ከራሳቸው አንዲት ቃል ስንኳ አልሰጡኝም። ወርጄ ባየሁ ጊዜ ወንዱም ሴቱም በጤፉ ውስጥ አጐንብሶ አረሙን ከቡቃያው ይለይ ነበር። በማግሥቱ ቅኔዋን አቃንቼ ተመለስሁ። ቅኔዋ የእኔ ናት፤ ዓይኑ ግን የእርሳቸው ነበር።

ያን ጊዜ ያላስተዋልሁትን ዛሬ አስተውላለሁ። በአማርኛችን «አረመ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። ገበሬ ከእርሻው ባዕድ ሣር ሲነቅል አረመ ይባላል፤ መምህርም የጽሕፈትን ስሕተት ሲያቃና ያው አረመ ይባላል። ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራቱ ትምህርት አለው። የሚያርም ሰው ዘሪ አይደለምና የራሱን ዘር በሌላው እርሻ ላይ ሊዘራ አይገባውም። አጫጅም አይደለምና የፍርዱን ማጭድ ይዞ ሊገባ አይገባውም። ሥራውም ጊዜ አለው። ቡቃያው ለጋ ሳለ ያልታረመ እርሻ እሸቱ ከወጣ በኋላ ሊያርሙት ቢገቡበት የሚረገጠው ይበዛል።

ነገር ግን በወንጌል ስለ ስንዴና ስለ እንክርዳድ በተነገረው ምሳሌ የእርሻው ጌታ አገልጋዮቹን ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ብሎ እንክርዳዱን ከመንቀል እንደ ከለከላቸው እናውቃለን። ምሳሌው ስለ ፍርድ ቀን የተነገረ ነው፤ ሆኖም ለመጽሐፍ አራሚ ማስፈራሪያ ይሆነዋል። አንዳንዱ አራሚ የማያውቀውን ቃል ሁሉ እንክርዳድ ይመስለዋል። ጸሐፊው ከእናቱ አፍ የሰማውን የአገሩን ቃል ነቅሎ በከተማ የተለመደውን ይተክልበታል፤ አጭሩን ዐረፍተ ነገር ያስረዝማል፥ ረጅሙን ይቈርጣል፤ በመጨረሻም መጽሐፉ የማንም ያልሆነ ሆኖ ይወጣል። በብራና ዘመን የነበሩ አራሚዎች ይህን ፍርሀት በእጃቸው ያውቁት ነበር። የተሳሳተውን ፊደል በስለት ፍቀው በላዩ የቀናውን ይጽፋሉ፤ የተዘለለውንም በመስመሩ መካከል ወይም በኅዳጉ በደቂቅ ፊደል ያገባሉ። አለልክ የፋቀ እንደ ሆነ ግን ብራናው ይበሳል፤ ከዚያም ወዲያ ስሕተቱም እውነቱም የሚጻፍበት ቦታ ይጠፋል።

ስለ እርማት ትዕግሥት የሚነገር አንድ ታላቅ ታሪክ አለ። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ላይ አባ አብርሃም፥ በአውሮፓ መጻሕፍት አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ፥ በካይሮ ተቀምጦ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ ተረጐመ። አብሮት የሠራው አሰለን ደ ሸርቪል የተባለ የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም ነበረ። ይህ ሰው እንደ ተናገረው 10 ዓመት ሙሉ ማክሰኞና ቅዳሜ ደጁን ለእንግዳ ዘግቶ ከአባ አብርሃም ጋራ ይቀመጥ ነበር። የዐረብኛውን ንባብ ቍጥር በቍጥር ቀስ ብለው ያነባሉ፤ የጠነከረውን ቃል በዕብራይስጡ፥ በሱርስጡና በሰብዓ ሊቃናት ትርጓሜ ይመረምራሉ፤ አንዱ መጽሐፍ በተፈጸመም ጊዜ ወደሚቀጥለው ሳይሻገሩ እንደ ገና ያመሳክሩታል። ጽሕፈቱ 9,539 ገጽ ሆነ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1820 ዊልያም ጆዌት የተባለ እንግሊዛዊ ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው፤ ወንጌሉ በ1824፥ ሐዲስ ኪዳኑ በ1829፥ መላው መጽሐፍ በ1840 ታተመ።

የዚህ ሥራ ብርታቱ እርማቱ ለመጨረሻ አለመቀመጡ ነው። ማክሰኞ የተጠራጠሩበትን ቃል ቅዳሜ ሊመለሱበት ይችሉ ነበርና ስሕተት ሥር ሳይሰድ ይነቀል ነበር። ነገር ግን ኀዘንም አለበት። አባ አብርሃም የመጀመሪያው ወንጌል ስንኳ ሳይታተም በወረርሽኝ በካይሮ ሞተ። ከዚያ በኋላ ይህን ቃል ስለ ምን እንደ መረጠ፥ ያንንም ስለ ምን እንደ ተወ የሚጠይቀው አልተገኘም። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ከዚያ ወዲህ ክራፕፍና ኢትዮጵያውያን ረዳቶቹ አርመውታል፤ በ1954 ዓ.ም. የታተመውንም የአገራችን ሊቃውንት ደክመውበታል። ይህ ሁሉ እርማት የተመሰገነ ነው፤ ቢሆንም ጸሐፊው በሕይወት ሳለ የሚደረግ እርማት ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለው፤ ጠይቀውት ሊመልስ ይችላል። ከሞተ በኋላ የሚያርመው ይገምታል እንጂ አይሰማም።

ሁለተኛው ታሪክ ከራሳችን ቤት ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ሰጧቸው። አለቃ ኪዳነ ወልድ የመምህራቸው ጽሕፈት ነው ብለው ሳይነኩ ቈልፈው አላስቀመጡትም፤ አረሙት፥ አሰፉት፥ የዕድሜያቸውን ብዙ ክፍል ሰጡት። በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ አደራው ወደ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተላለፈ፤ እርሳቸውም በ1948 ዓ.ም. «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በሚል ስም አሳተሙት። ዛሬ የግዕዝ ተማሪ ሁሉ የሚመካበት ይህ መጽሐፍ ነው። ከዚህ የምንማረው ደቀ መዝሙር መምህሩን ማረሙ ድፍረት እንዳይደለ ነው፤ አደራን መጠበቅ ማለት ይህ ነውና። ደግሞም የሚያስፈራ ነገር እንማራለን። ሁለቱ ሊቃውንት መጽሐፉን ታትሞ አላዩትም። ለእርማትም ፍጻሜ ያስፈልገዋል። «ገና ይቀረዋል» እየተባለ በሣጥን ውስጥ ብል የበላው ጽሕፈት ስንት ይሆን! ሦስተኛ ታማኝ ሰው ባይገኝ ኖሮ ይህም ከዚያው ዕጣ ይደርስ ነበር።

እንግዲህ ጽሕፈቱን ለሰው የሚሰጥ ሰው የማተሚያ ቤት ቀን ከመቍረጡ በፊት ይስጥ። «እንዴት ነው?» ብሎ አይጠይቅ፤ እንዲህ ላለ ጥያቄ «መልካም ነው» ከማለት በቀር መልስ የለውምና። «ሦስተኛው ምዕራፍ ይገባልን? ይህ ምስክር ይበቃልን?» ብሎ ይጠይቅ። ለሦስት ሰው ቢሰጥ ይበጃል፤ አንዱ ነገሩን የሚያውቅ፥ አንዱ ቋንቋውን የሚያውቅ፥ አንዱም ሁለቱንም የማያውቅ፥ ጮክ ብሎ ሲነበብለት ብቻ የሚሰማ። ሦስቱ በአንድ ቦታ ላይ ከተሰናከሉ፥ ምክንያታቸው ቢለያይም እንኳ ቦታው ደንቃራ አለበት። ሲታረምም ዝም ብሎ ይስማ። «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነበር» የሚለው መልስ አይጠቅመውም፤ መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ወደየአንባቢው ቤት እየሄደ ይህን ሊናገር አይችልምና።

የሚያነብለት ሰውም ጊዜ የሌለው እንደ ሆነ በመጀመሪያው ቀን «አልችልም» ይበል፤ ይህ ከሐሰተኛ ምስጋና ይሻላል። ከያዘው ግን ሁሉን ያንብብ። ሒሳብ ካለበት ይቍጠር፤ ጥቅስ ካለበት ከምንጩ ያመሳክር። ይህን የምናገረው ከነነዌ ጾም ተምሬ ነው። መልካሙንም ምልክት ያድርግበት፤ ብዙ ጸሐፊ ከሥራው የትኛው መልካም እንደ ሆነ አያውቅምና ስሕተቱን ሲያወጣ ወርቁን አብሮ ያወጣዋል። የተረፈውን ሁሉ መምህሬ እንዳደረጉት በጥያቄ ያድርገው፤ መልሱ ከጸሐፊው ይምጣ።

ወደ ልጁ ጽሕፈት ልመለስ። 214ቱንም ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የመጀመሪያው 30 ገጽ ከሌሎች መጻሕፍት የተለቀመ የአገር ታሪክ ነው፤ ቢወጣ መጽሐፉ አይጐድልበትም። የግዕዙ ጥቅስ በ11 ቦታ ፊደሉ ተዛንፏል። የዓመቱ ቍጥር ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ደብሯ የተቃጠለችበትን ዘመን ከአውሮፓ ጸሐፊ ወስዶ 1935 ይላል፤ እንደ ገና የታነጸችበትን ከሽማግሌዎች ሰምቶ 1930 ይላል፤ የማን አቈጣጠር እንደ ሆነ ስለማይነግረን ደብሯ ሳትቃጠል 5 ዓመት አስቀድማ ታንጻ ተገኘች። ነገር ግን በገጽ 87 ግርጌ በደቂቅ ፊደል 4 መስመር አለ። አንዲት አሮጊት፥ ደብሯ ስትታነጽ የአጥቢያው ሴቶች ውሃውን ከወንዝ በእንስራ እንዴት እንዳመላለሱ፥ የእርሷም እናት በዚያው ሥራ ላይ ሳለች እርሷን እንደ ወለደች ነግራዋለች። ከመጽሐፉ ሁሉ ሌላ ሰው ሊጽፈው የማይችለው ይህ 4 መስመር ነው፤ ልጁም ከግርጌ ጥሎታል።

መቅድም አልጻፍሁለትም። በምትኩ ስድስት ገጽ ጥያቄ ጻፍሁለት። ሳልሰጠው በፊት ግን የዘመኑን ቍጥር የሚመለከቱትን ጥያቄዎች ይዤ ወደዚያ ወደ በደልሁት ወዳጄ ሄድሁና «አንተ ቍጠርልኝ» አልሁት። ወረቀቱን ተቀብሎ መነጽሩን አድርጎ ሌሊቱን ቈጠረው። በማግሥቱ ከጥያቄዎቼ ሁለቱ የእኔ ስሕተት እንደ ሆኑ አሳየኝ፤ መስከረምን ወዲያ ማዶ ትቼ ደምሬ ነበርና። እየሣቀ «ዛሬስ አይቼዋለሁ» አለኝ።

ልጁ ስድስቱን ገጽ በተቀበለ ጊዜ ፊቱ ጠቈረ፤ «የማተሚያ ቤቱ ቀጠሮስ?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። እኔም «ቀጠሮው ይቈያል፤ አሮጊቷ ግን ላትቈይ ትችላለች» አልሁት። ሰላምታ ሳይሰጠኝ ሄደ። ከአምስት ሳምንት በኋላ በሰው እጅ አንድ ደብተር ላከልኝ። ደብዳቤ የለበትም። በውስጡ ከአሮጊቷና ከሁለት እኩዮቿ ቃል የተጻፈ 17 ገጽ አገኘሁ፤ በየገጹ ራስጌ ቀኑ ከነዓመተ ምሕረቱ ተጽፎበታል። አሁን እርሱን እያነበብሁ ነው፤ ጥያቄም አለኝ።

እግዚአብሔር ለአንባቢው የሚያርም ዓይን፥ ለጸሐፊውም የሚታረም ልብ ይስጥልን።